የሚለቁት እነማን ናቸው?

በ2006 ዓ.ም. ሥራ ስጀምር የተመደብኩበት ክፍል ውስጥ ሰባት ሰዎች ነበርን። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በዓመቱ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ስላልሆነ እሱን መጥራት ሌሎቹን ነጻ ማውጣት ይሆንብኛል። ደመወዜ ግብርና ጡረታ ከተቆረጠለት በኋላ ሁለት ሺህ ብር አይሞላም ነበር። እናቴ ግን ብሩን አልጠየቀችኝም። «ልጄ የመንግሥት ሥራ ያዘ» ብላ ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች።

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ለቀቅሁ። በቅርቡ ከቀድሞ ባልደረቦቼ ከአንዷ ጋር ቁጭ ብለን ሰባታችን የት የት እንደደረስን ቆጠርን። አንዱ የግል ባንክ ውስጥ ነው። ሁለቱ የውጭ ድርጅቶች ጋ ገብተዋል። አንዷ አሜሪካ ናት። አንዱ በዱቤ መኪና ገዝቶ ራይድ ይሠራል። እኔ እንደምታዩኝ ባገኘሁበት እየጻፍኩ እኖራለሁ። እዚያው ያለችው እሷ ብቻ ናት።

«አንቺስ ለምን አልለቀቅሽም?» አልኳት።

«ሰርቪሱ ሰፈሬ ድረስ ያደርሰኛል፤ የልጄ ትምህርት ቤት ቅርብ ነው፤ ደግሞ ከዚህ በኋላ ማን ይወስደኛል» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቁማ «እኔን የሚያመኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ጎበዝ ጎበዙ ሁሉ ለቆ ሄደ ሲባል ነው። እኔስ ታዲያ ምንድን ነኝ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይህን የምጽፈው ያን ቀን ሳልመልስላት ስለቀረሁ ነው።

ስለ መንግሥት ሠራተኛ ፍልሰት ሲወራ ሁልጊዜ የሚጠየቀው ስንት ሰው ለቀቀ የሚለው ነው። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሠራተኛ ባለበት አገር ግን ቁጥሩ ብቻውን ብዙም አይነግረንም። ማን ለቀቀ? የቀረውስ ለምን ቀረ? እነዚህን ሁለቱን የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ብሩን እናስላ

መጀመሪያ ስለ ብር እንነጋገር። ብሩን ዘልሎ ስለ «ተነሳሽነት» የሚያወራ ሰው ወይ ሌላ ገቢ አለው፣ ወይ የሥልጠና አበል ተከፍሎታል።

ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው 4,609፣ 6,193፣ 7,071፣ 9,056 የሚሉትን ቁጥሮች በቃሉ ያውቃቸዋል። በ2011 መጨረሻና በ2012 ዓ.ም. ተግባራዊ መሆን የጀመረው፣ በተለምዶ ጄኢጂ የምንለው የሥራ ምዘናና ደረጃ፣ የመንግሥት ሥራዎችን በ22 ደረጃ ከፍሎ ያወጣው የደመወዝ ስኬል ነው። ዝቅተኛው ደመወዝ 1,100 ብር ነበር። ያኔ አንድ ዶላር በባንክ 29 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። ስኬሉ ለዓመታት ብዙም ሳይነካ ቆየ፤ ጤፉና የቤት ኪራዩ ግን አልጠበቁትም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ2017 በተደረገው ማስተካከያ ዝቅተኛው ደመወዝ 4,760 ብር ደረሰ። ከመስከረም 1 ቀን 2018 ጀምሮ ደግሞ 6,000 ብር ሆኗል። የዲግሪ ተመራቂ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ ከፍተኛው ደመወዝ ከ21,492 ወደ 39,000 ብር አድጓል። ለዚህ ጭማሪ መንግሥት በዓመት 160 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ ወጪ እንደሚኖርበት ተናግሯል። ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ጭማሪው የለም ብሎ መከራከርም ተገቢ አይደለም።

እስኪ 11,500ውን ወደ ኪስ እናውርደው። በ2017 መጨረሻ በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ እያለ ይወጣል። ለ11,500 ብር ግብሩ 2,100 ብር ይመጣል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው 805 ብር ነው። እጅ የሚገባው 8,595 ብር። አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ ቀንሱና የቀረውን ለ30 ቀን አካፍሉት። እዚህ ላይ የእኔ እገዛ አያስፈልጋችሁም።

ሌላም ስሌት አለ። 4,609 ብር በ2011 መጨረሻ 160 ዶላር ገደማ ነበር። 11,500 ብር በ2018 መጀመሪያ የባንክ ምንዛሪ 80 ዶላር ገደማ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ እንጀራ በዶላር አይገዛም። ዘይቱ፣ መድኃኒቱ፣ የልጁ ስልክና የታክሲው ነዳጅ ግን ዶላሩን ተከትለው ይወጣሉ። ሠራተኛው «ተጨመረልኝ» እያለ ለምን እንደሚያማርር የማይገባው ባለሥልጣን ካለ ይህችን ስሌት አንድ ጊዜ ይሥራት።

ያው ደመወዝ፣ የተለያየ ውሳኔ

ይሁን እንጂ ብሩ ያልፈታልኝ አንድ ጥያቄ አለ። ሰባታችንም የምንከፈለው ተቀራራቢ ደመወዝ ነበር። ታዲያ ለምን በተራ ለቀቅን? ደግሞስ ለምን በዚያ ቅደም ተከተል?

መጀመሪያ የሄደው ከሁላችን የተሻለ የሚሠራው ልጅ ነው። መግለጫ ሲበላሽ የሚያስተካክለው፣ ሚኒስትሩ ድንገት ንግግር ሲፈልጉ ከቤቱ የሚጠራው እሱ ነበር። የለቀቀበትን ሳምንት አስታውሳለሁ። ደመወዝ ያነሰበት ሳምንት አልነበረም፤ ደመወዙማ ሁልጊዜ ያነሰ ነው። የቡድን መሪነት ቦታ ተከፍቶ፣ የውስጥ ማስታወቂያ ወጥቶ፣ ተፈትኖ አንደኛ ከወጣ በኋላ «በቦታው ላይ ምደባ ተሰጥቷል» የምትል ሁለት መስመር ደብዳቤ የደረሰችበት ሳምንት ነው። የተመደበው ሰው ከሌላ መሥሪያ ቤት መጣ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ሥራውን ግን አያውቀውም። ሥራውን የሚያሳየው ያው ተወዳድሮ የወደቀው ልጅ ሆነ። አንድ ወር አሳየው። በሁለተኛው ወር ክሊራንሱን አዙሮ ጨረሰ።

ያን ጊዜ የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ያነሰ ደመወዝ ሰውን ሥራ እንዲያፈላልግ ያደርገዋል፤ ቆርጦ እንዲወጣ የሚያደርገው ግን ነገ እዚህ ቤት የት እንደሚደርስ በራሱ ሥራ መወሰን አለመቻሉ ነው። ይህን ደግሞ ቀድሞ የሚያውቀው ጎበዙ ነው፤ ሌላ በር የሚከፈትለትም እሱ ነው። ስለዚህ ፍልሰት እንደ ወንፊት ነው፤ በየዓመቱ እየነፋ አማራጭ ያለውን ያወጣል፣ አማራጭ የሌለውን ያስቀራል።

የቀሩት ሁሉ ሰነፎች ናቸው ማለቴ አይደለም። የሚቆዩት ሰዎች ቢያንስ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዱ ሥራውን ስለሚወድ፣ ወይም ኑሮው ከቦታው ጋር ስለተሳሰረ የሚቆይ ነው። ሌላው ሌላ ቦታ የሚቀጥረው ስለሌለ የሚቆይ ነው። ሦስተኛው ወንበሩ ከደመወዝ ሌላ የሚያበላው ስለሆነ የሚቆይ ነው፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን እንደ መመሪያ የያዘው ማለት ነው። የእኛ አሠራር እነዚህን ሦስቱን አይለይም። እርከኑ ለሦስቱም እኩል ነው። የመስከረሙ ጭማሪም ለሦስቱም እኩል ደርሷል። ከሦስቱ መሀል በመጀመሪያው ላይ የሚደርሰው በደል ትልቅ ነው፤ ደመወዙ ትንሽ መሆኑ ሳያንስ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ስም ይጠራል።

በሩ ላይ ጥብቅ፣ ከበሩ ወዲያ ልቅ

ወደ መንግሥት ሥራ መግባት ቀላል የሚመስለው ያልሞከረ ሰው ብቻ ነው። ተማሪው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ከዚያ አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ፣ ወይም የቴሌግራም ቻናሎችን እያገላበጠ «0 ዓመት» የምትል ማስታወቂያ ይፈልጋል። ሲያገኝ ዋናውንና ኮፒውን ይዞ በአካል ይመዘገባል። ለሁለት ቦታ መቶዎች ይሰለፋሉ። የጽሑፍ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ፣ ውጤት መለጠፍ፣ የጤና ምርመራ፣ የአሻራ ማስረጃ፤ ከዚያ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜ።

ይህን ሁሉ አልፎ የገባው ልጅ በመጀመሪያው ቀን ወንበር የለውም። «ለጊዜው እዚህ ጋ ሁን» ይባላል። ኮምፒውተር የለውም። ምን እንደሚሠራ የሚነግረውም የለም። የሙከራ ጊዜው ማብቂያ ላይ የመመዘኛ ቅጽ በአንድ ቀን ይሞላና «አጥጋቢ» ተብሎ ቋሚ ይሆናል። ስድስት ወር ሙሉ ያየው ነገር ቢኖር የሚሠራውና የማይሠራው እኩል አሻራ ሰጥተው ሲገቡ፣ እኩል አሻራ ሰጥተው ሲወጡ ነው። በዚያ ላይ የግል ድርጅቶች ማስታወቂያ «2 ዓመት ልምድ» ይላል። እናም ልጁ ይቆጥራል። ሁለት ዓመት ሲሞላ የሥራ ልምድ ያጽፋል። መንግሥት የሌላ ቤት ሠራተኛ በራሱ ወጪ አሳድጎ ሸኘ ማለት ነው።

የአዲስ ገቢዎቹ መሄድ ያበሳጫል እንጂ አይገድልም። የሚገድለው ከአምስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራው ባለሙያ ሲሄድ ነው። ይህ ሰው ሕጉን ያውቃል፣ ፋይሉን ያውቃል፣ የትኛው ክልል ሪፖርት የት ላይ እንደሚያዛባ ያውቃል። ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ መረጃ ፍለጋ ስዞር ደጋግሜ የምሰማት አንድ መልስ አለች፦ «እሱን የሚያውቀው ልጅ ለቋል።» አንድ ጊዜ እንዲህ የተባለልኝን ልጅ አፈላልጌ አገኘሁት። በአንድ የውጭ ድርጅት ፕሮጀክት ሥር አማካሪ ሆኗል፤ የሚያማክረው ደግሞ ያንኑ የለቀቀውን መሥሪያ ቤት ነው። ክፍሉ ያው ነው፣ ጠረጴዛው ያው ነው፣ የሚጽፈው ሰነድ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚከፈለው ገንዘብና የቀድሞ አለቃው «አቶ» ብሎ መጥራት መጀመሩ ነው። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ይህ ነው።

ለምንድን ነው የመሀሉ ሰው የሚሄደው? መሰላሉ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። ጎበዝ ስታቲስቲሺያን፣ ጎበዝ የሕግ ባለሙያ፣ ጎበዝ ኢንጂነር የሚታይ ክብርና ገቢ ማግኘት ከፈለገ ኃላፊ መሆን አለበት፤ ቀድሞ ዳይሬክተር ይባል የነበረው፣ ዛሬ ሥራ አስፈጻሚ የሚባለው። ኃላፊነቱ ደግሞ በምደባ ነው። ምደባው ላይ ሲደረስ የሚጠየቀው ጥያቄ ሁልጊዜ «ሥራውን ይችላል ወይ?» አይደለም። «አባል ነው ወይ? የማን ሰው ነው?» የሚሉት በጆሮ ግባት ይመጣሉ። ይህን ለመካድ የሚፈልግ አንባቢ ካለ እሱ ባለበት ቤት ባለፉት አምስት ዓመታት የተሾሙትን በጣቱ ይቁጠርና ስንቱ ተፈትኖ እንደገባ ለራሱ ይንገረው።

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ስለ ብቃትና ውድድር ይናገራል፤ የፌዴራል ተቋማት የአገሪቱን ብዝኃነት እንዲያንጸባርቁም ይፈልጋል። ሁለተኛው ሐሳብ ብዙ ሰው አስደንግጧል። እኔ ሐሳቡ ላይ ጠብ የለኝም፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 39 ሚዛናዊ ውክልናን መብት ያደርጋል። ጥያቄዬ በየት በኩል ይገኛል የሚለው ነው። ዛሬ የጋምቤላ ወይም የሰመራ ተመራቂ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት ለመመዝገብ የአውቶቡስና የአልጋ ገንዘብ ይዞ አዲስ አበባ መምጣት አለበት። ምዝገባውን በስልክ፣ ፈተናውን በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ አድርጉት፤ አንድ ፈተና፣ አንድ የማለፊያ ነጥብ ይሁን፤ ብዝኃነቱ በበሩ ይገባል። በሩን ለአዲስ አበባ ነዋሪ ብቻ ከፍቶ፣ ጉድለቱን ወንበር ላይ በምደባ መሙላት ግን ሁለቱንም ወገን ይጎዳል። የተመደበው «በኮታ ነው» ይባላል፤ ያልተመደበው ይለቃል።

ለውጥ በመጣ ቁጥር

አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በ1900 ዓ.ም. ነው። የመንግሥት ሠራተኛን ቅጥር በአንድ ማዕከል የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1950ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ስም እንደተቀያየረ ተመልከቱ። በእኔ የሥራ ዕድሜ ብቻ ስለ መንግሥት ሠራተኛ የሚመለከተው አካል ሲቪል ሰርቪስ ሚኒስቴር፣ ከዚያ የፐብሊክ ሰርቪስና የሰው ሀብት ልማት ሚኒስቴር፣ ከዚያ ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ሆኗል። ሠራተኛ እንዲረጋጋ የሚሠራው ቤት ራሱ ታርጋው አልረጋለትም።

ለውጦቹን አንባቢዎቼ ታስታውሳላችሁ። ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ፣ የለውጥ ሠራዊትና አንድ ለአምስት መጣ፣ ጄኢጂ መጣ። በመሀል በ2011 የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ከ28 ወደ 20 ወረዱ፤ በ2014 ደግሞ 22 ሆኑ። እያንዳንዱ ለውጥ በወረቀት ላይ ምክንያት አለው፤ አንዳንዱም ጠቅሟል። ሠራተኛው ጋ ሲደርስ ግን ሁሉም አንድ ስም አላቸው፦ ድልድል። የተቀመጥክበትን ወንበር እንደገና ትወዳደርበታለህ። ስምህ ሰሌዳ ላይ እስኪለጠፍ ወራት ትጠብቃለህ። ቅሬታ ታስገባለህ። በእነዚያ ወራት ሥራ የሚሠራ የለም፤ ሥራ የሚፈልግ ግን ብዙ ነው። ሌላ ቦታ የሚያገኘው በድልድሉ መሀል ይወጣል፤ የማያገኘው ይደለደላል። ወንፊቱ አንድ ጊዜ ተነፋ ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞቹንና አመራሮቹን በብቃት ምዘና ሲፈትን ከተፈተኑት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የማለፊያውን ነጥብ አላመጡም። ያኔ ማኅበራዊ ሚዲያው ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። እነዚያ ሰዎች አንድ ቀን በሆነ በር ገብተዋል። ፈተናው ዛሬ ማን ደካማ እንደሆነ ነገረን። ትናንት ጎበዝ የነበረው የት ሄደ የሚለውን፣ ጎበዝ ገብቶ እዚያው የደነዘዘው ለምን ደነዘዘ የሚለውን ግን አይነግረንም። ሰው አሥር ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ብቻ እንዲመራ አድርገህ በአሥራ አንደኛው ዓመት ብትፈትነው የምታገኘው ውጤት የእሱ ብቻ አይደለም።

ውሎ አበልና ዝምታ

የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ ደመወዝ እንዴት ይኖራል ለሚል ሰው ግማሹ መልስ ውሎ አበል ነው። ስብሰባው ቢሾፍቱ ይሆናል፣ ሥልጠናው አዳማ ይሆናል፣ ግምገማው ሐዋሳ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ሥራው አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ማለቅ የሚችል ነው። ሠራተኛው ግን በዚያ አበል የወሩን ቀዳዳ ይደፍናል። አልፈርድበትም፤ እኔም ደፍኛለሁ።

ችግሩ አበሉን የሚያከፋፍለው አለቃ መሆኑ ላይ ነው። ማን ይሂድ የሚለው በስኬል አልተጻፈም። ስለዚህ ሐሳቡን በግልጽ የሚናገር ባለሙያ ስሙ ከዝርዝሩ ይጠፋል፤ ዝም የሚል ይሄዳል። በዓመት ውስጥ ሁሉም ይማራል። ያነሰ ደመወዝ ብቻውን ሰውን ዝም አያሰኝም፤ ያነሰ ደመወዝና በአለቃ እጅ ያለ አበል አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ያሰኛሉ። ከዚያ «የመንግሥት ሠራተኛ ለምን ሐሳብ አያመነጭም?» ብለን ዐውደ ጥናት እንጠራለን፤ እሱንም አዳማ።

ቅሬታን በጋራ ማቅረቢያ መንገድም የለም ማለት ይቻላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸው፣ ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን እነሱን አይመለከትም። መምህራን ማኅበር አላቸው፤ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ባለሙያ ግን ስለ ደመወዙ በስሙ የሚደራደርለት የለም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አደባባይ ወጥቶ ሥራ እስከ ማቆም የደረሰው፣ የታሰሩም የነበሩት፣ ጥያቄው አስቀድሞ የሚደመጥበት ጠረጴዛ ስላልነበረ ይመስለኛል። በአፉ መናገር ያልተፈቀደለት ሰው በእግሩ ይናገራል። መልቀቂያ የሚባለው ወረቀት የመንግሥት ሠራተኛ በነጻነት የሚጽፋት ብቸኛዋ አስተያየት ናት፤ እሷንም ማንም አያነባትም።

«ይልቀቁ፣ ሌላ ይመጣል»

ይህን ለአንድ ኃላፊ ሳነሳ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። እውነት አለው። ለአንድ ቦታ መቶዎች ይሰለፋሉ ብዬ ራሴ ጽፌያለሁ። ግን የሚመጣው ሰው እንጂ እውቀቱ አይደለም። እኔ በነበርኩበት ቤት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። የሠላሳ ዓመት ደብዳቤ የት እንዳለ በቃላቸው ያውቁ ነበር። 60 ዓመት ሲሞላቸው ኬክ ተቆርጦ፣ ጋቢ ተሸልመው ተሸኙ። እርሳቸውን እየተከተለ እንዲማር የተመደበ ሰው አልነበረም። በሳምንቱ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ መጣና ፋይሉ ጠፋ። ጋሼን በስልክ ደውለን ጠየቅናቸው። «አንተ ልጅ፣ ከሦስተኛው መደርደሪያ ኋላ፣ ካርቶን ውስጥ ነው» አሉኝ። ነበረ። ከዚያ በኋላ ደጋግመን ደወልን። አንድ ቀን ስልካቸው ዝግ ሆነ።

ሁለተኛው መከራከሪያ ገንዘብ የለም የሚለው ነው፤ ይህ ጠንካራ ነው። መንግሥት ለሁሉም የባንክ ያህል መክፈል አይችልም፤ አንዳንድ ቤት ውስጥም ከሥራው በላይ ሰው አለ። ቢሆንም ከዚህ በታች ካነሳኋቸው አራት ነገሮች ሦስቱ ይህ ነው የሚባል ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ የሚለቀው ይጠየቅ፣ ውጤቱም ይታተም። በየመሥሪያ ቤቱ በዓመት ማን ለቀቀ፣ በስንት ዓመት አገልግሎት፣ ከየትኛው ደረጃ፣ ለምን፣ ወዴት? ጥያቄውን የለቀቀበት አለቃ ሳይሆን ኮሚሽኑ ይጠይቀው። የአምስት ዓመት ባለሙያዎቹ በአንድ ዓመት በሙሉ ያለቁበት ክፍል ካለ ችግሩ ስኬሉ ላይ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ኃላፊው ይጠየቅ።

ሁለተኛ፣ መሰላሉ ሁለት ይሁን። ኃላፊ ሳይሆን በሙያው ብቻ ከፍ ብሎ የኃላፊ ያህል የሚከፈለውና የሚከበር ከፍተኛ ባለሙያ ይኑረን። ዩኒቨርሲቲዎች ሌክቸረሩን ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ተባባሪ ፕሮፌሰር እያሉ ያሳድጋሉ፤ ዲን መሆን የግድ አይደለም። ገንዘብ የሚጠይቀው ይህኛው ነው፤ ቦታዎቹ ግን ጥቂት ይሁኑ፣ በሥራ ማስረጃና በፈተና ብቻ ይያዙ።

ሦስተኛ፣ ሚኒስትሩና ሚኒስትር ዴኤታው ፖለቲከኞች ይሁኑ። ከዚያ በታች ያለው ወንበር ግን በውድድር፣ ከመሥሪያ ቤቱ ውጪ በሆነ ፈታኝ፣ ውጤቱ ተለጥፎ ይያዝ። «ምደባ ተሰጥቷል» የምትለዋ ደብዳቤ ትቅር።

አራተኛ፣ አበሉ ወደ ደመወዝ ይግባ። በየከተማው ለሚደረገው ስብሰባ የሚወጣው ገንዘብ ተቆጥሮ ግማሹ እንኳን ወደ ስኬሉ ቢመጣ ሠራተኛው ገቢውን ከአለቃው ፊት ሳይሆን ከወረቀት ላይ ያነበዋል።

መሶብ የተባሉት የአንድ ማዕከል አገልግሎቶች በየቦታው ተከፍተዋል። አዳራሹ ያምራል፣ ወረፋውም አጥሯል፤ ጥሩ ሥራ ነው። ግን መስኮቱ ላይ የሚቀመጠው ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ የት ይሆናል? ከመስኮቱ ጀርባ ፋይሉን የሚያጣራው ባለሙያስ? ሕንፃውን በወራት መሥራት ይቻላል። የአሥር ዓመት ባለሙያ ለማግኘት ግን አሥር ዓመት መጠበቅ ግድ ነው።

ወደዚያች ባልደረባዬ ልመለስ። ከተለያየን በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ስገባ የዜና አጻጻፉን፣ የደብዳቤውን ወግ፣ ለማን ምን እንደማይባል ያሳየችኝ እሷ ናት። ከእኔ በኋላ የገቡትንም ሁሉ ያሳየችው እሷ እንደሆነች ነግራኛለች፤ ስንት እንደሆኑ መቁጠር ትታለች። ሁሉም ሄደዋል። ባንኩ፣ የውጭ ድርጅቱ፣ እኔም የምጽፍባቸው ሚዲያዎች በእሷ እጅ በሠለጠነ ሰው ይሠራሉ። ለዚህ የተከፈላት የለም፤ በውጤት መሙያ ቅጿም ላይ «ሌሎችን ያሠለጥናል» የሚል ሳጥን የለም።

ስለዚህ መልሴ ይኸውልሽ፦ ጎበዝ ጎበዙ ሁሉ አልሄደም፤ አንቺ አለሽ። የሚያሳዝነው ቤቱ ይህን የሚያውቀው አንቺም የሄድሽ ዕለት መሆኑ ነው።